የጡንቻን ኒውክለስ ወደ ዳር የገፋው ማን ነው?

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ኔትወርክ ካስቸገራችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት።

የምጽፈው ዕዳ ስላለብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፈተና ላይ «የጡንቻ ሴል ሥላችሁ ክፍሎቹን ሰይሙ» የሚል ጥያቄ አውጥቼ ነበር። አንዲት ተማሪ ረጅሙን ሴል አሳምራ ሣለችና ኒውክለሶቹን እንደ መቁጠሪያ ፍሬ መሐል ለመሐል ደረደረቻቸው። እኔ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግሁበት። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ኒውክለሶቹን ዳር ዳር፣ ከሽፋኑ ሥር ነዋ የሚያሳየው! ወረቀቱ ሲመለስ እጇን አወጣችና «እሺ ቲቸር፣ ዳር ነው። ግን ማን ገፍቶ ወሰደው?» አለችኝ። እኔም ሳላስብ «መሐሉ በክር ስለተሞላ ቦታ የለማ!» ብዬ መለስሁላት። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ዝም ብላ ተቀመጠች።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መልሱን አላውቀውም ነበር። ግምቴን ነው እንደ ዕውቀት የሰጠኋት። ባለፈው ክረምት መብራትና ኔትወርክ በተገናኙ ቁጥር በስልኬ እያወረድሁ ሳነብ፣ ያቺ ልጅ የጠየቀችው ጥያቄ ለረጅም ዘመን በሚገባ ያልተጠየቀ፣ መልሱም በአብዛኛው ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ የተገኘ ሆኖ አገኘሁት። ሥዕሏም ቢሆን ያን ያህል ስሕተት አልነበረም። ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

(ዓመቶቹ «በእኛ» ካላልሁ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ጡንቻው ራሱ

ቋንጣ የዘለዘለ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ ሥጋ አቅጣጫ አለው። በክሩ አቅጣጫ ከሄዳችሁ ረጅም ዝልዝል ይወጣችኋል። አቋርጣችሁ ከሄዳችሁ ይቆራረጣል። የተቀቀለ ሥጋ በጣታችሁ ስትተረትሩ የሚወጣው ቀጭን ክር ገና የብዙ ክሮች ነዶ ነው። ከነዶው አንዷን አገዳ ብትመዙ፣ ያቺ ናት አንድ ሴል። ውፍረቷ ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ እስከ አንድ አሥረኛ ነው። ርዝመቷ ግን ብዙ ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል።

«አንድ ሴል፣ አንድ ኒውክለስ» ብለን ነው የምናስተምረው። የጡንቻ ክር ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ናት። በአንዷ ክር ውስጥ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ ኒውክለሶች አሉ። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ሰፊ ወረዳ ውስጥ መሥሪያ ቤቱ አንድ ብቻ፣ እሱም አንድ ጫፍ ላይ ቢሆን፣ በሌላው ጫፍ ያለ ገበሬ ለአንድ ወረቀት ስንት ቀን ይመላለሳል? ኒውክለስም ትእዛዝ የሚወጣበት ቢሮ ነው። ፕሮቲን የሚሠራበት መልእክት ከእሱ ይወጣል፤ መልእክቱም ሆነ ፕሮቲኑ በሴሉ ውስጥ ሩቅ መጓዝ ይከብደዋል። ስለዚህ ረጅሟ ክር ብዙ ቀበሌ ያስፈልጋታል፤ ቀበሌዎቹም አንድ ቦታ ከተከማቹ ብዛታቸው ብቻውን አይጠቅምም። ርቀታቸው የተመጣጠነ መሆን አለበት።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸው ነው። ኒውክለስ እግር የለው። ማን ነው በየቦታው የሚያስቀምጠው?

ማየትና መጠየቅ ለየብቻ ናቸው

የጡንቻን ክር መጀመሪያ በቅርበት ካዩት ሰዎች አንዱ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ነው። ሰውዬው የሆላንድ፣ የዴልፍት ከተማ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ነጋዴ የጨርቁን ድርና ማግ ጥራት በማጉያ መስተዋት ይመረምር ነበርና ከዚያ ልምድ ተነሥቶ የራሱን ማይክሮስኮፕ ሠራ። በ1680ዎቹ የጡንቻ ክር ላይ አግድም የተሠመሩ መስመሮችን አይቶ ጻፈ። ኒውክለስ ግን ገና ስም አልነበረውም።

ስሙን ያወጣው ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሮበርት ብራውን ነው፤ በ1831፣ የኦርኪድ አበባ ሴል እየመረመረ። በ1839 ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽዋን (ነርቭ ስንማር የምንጠራው «ሽዋን ሴል» በእሱ ስም ነው) እንስሳት ሁሉ ከሴል የተሠሩ መሆናቸውን ሲጽፍ፣ ስለ ጡንቻም አንድ ሐሳብ አቀረበ። የጡንቻ ክር የሚፈጠረው ብዙ ትንንሽ ሴሎች ተሰልፈው፣ ግድግዳቸው ፈርሶ፣ አንድ ሲሆኑ ነው አለ። በዓመቱ እንግሊዛዊው ዊልያም ቦውማን (አዎ፣ የኩላሊቱ «ቦውማን ካፕሱል» ሰውዬ!) የጡንቻን ውስጣዊ አሠራር በዝርዝር ጽፎ አሳተመ። ብዙም ሳይቆይ በርሊን የሚሠራው ሮበርት ሬማክ ሽዋንን ተቃወመ። «አይደለም፤ አንዷ ሴል ናት የምትረዝመው፤ ኒውክለሷ ውስጥ ለውስጥ እየተከፈለ ይበዛል» አለ።

ይህ ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። ልብ በሉ፣ ያ ሁሉ ሰው ኒውክለሶቹን ያያል፣ ይቆጥራል፣ ከየት እንደመጡ ይከራከራል። በየቦታቸው ማን እንዳስቀመጣቸው ግን የሚጠይቅ ብዙም የለም። ምክንያቱ የዘመኑ አሠራር ይመስለኛል። ማይክሮስኮፕ ሥር የሚገባው ጡንቻ የሞተ፣ የደረቀ፣ የተቀለመ ነው። የሞተ ነገር አይንቀሳቀስም። የማይንቀሳቀስ ነገር ደግሞ «ድሮም እዚያው የነበረ» ይመስላል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ የመጽሐፉን ሥዕል አይቼ ኒውክለሱ እዚያው የተወለደ መሰለኝ።

ያ የሮም ሌሊት፣ እና ሌላ ፊልም

መስከረም 10 ቀን 1960 በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነበር፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮምን አቋርጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ይህን ሁላችን እናውቃለን።

በዚያው ዓመት፣ እኛ ሳንሰማ፣ ካፐርስ የተባለ ተመራማሪ ከሰውነት ውጭ በመስተዋት ውስጥ እያደገ ያለ ጡንቻን በፊልም አንሥቶ ውጤቱን አሳተመ። ፊልሙ በፍጥነት ሲታይ ሴሎቹ ሲዋሃዱ ታዩ። ከዚያም አልፎ በክሩ ውስጥ ኒውክለሶቹ ይሄዳሉ፤ እንደ እንዝርትም ይሽከረከራሉ! ከሥዕሉ ላይ የሞተ ነጥብ የመሰለው ነገር ሕያው ጡንቻ ውስጥ መንገደኛ ነበር።

በ1961 ኒውዮርክ ውስጥ አሌክሳንደር ማውሮ የእንቁራሪት ጡንቻን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምር ከክሩ ጎን ተለጥፈው የተኙ ትንንሽ ሴሎች አገኘ፤ «ሳተላይት ሴል» አላቸው። እነዚህ ጡንቻ ሲጎዳ ተነሥተው የሚባዙና አዲስ ኒውክለስ የሚያቀብሉ ተጠባባቂዎች ናቸው።

የሽዋንንና የሬማክን ክርክር የዘጋው ግን የ1967ቱ የቢያትሪስ ሚንትዝና የዊልበር ቤከር ሙከራ ነው። ይህን ለገበሬ ልጅ ማስረዳት ቀላል ነው። መቀናጆ ታውቃላችሁ፤ አንድ በሬ ያለው ገበሬና ሌላ አንድ በሬ ያለው ጎረቤቱ ተጣምረው ያርሳሉ። አንድ ቀንበር ሥር የአያ እገሌን ቀይ በሬና የአያ እገሌን ጥቁር በሬ ተጠምደው ካያችሁ፣ ሁለቱ ገበሬዎች አንድ እርሻ ላይ መገናኘታቸውን ሳትጠይቁ ታውቃላችሁ። ተመራማሪዎቹም ሁለት የተለያዩ የአይጥ ጽንሶችን አጣብቀው አንድ አይጥ አሳደጉ። ከሁለት ቁራጭ ተጣምሮ የሚሠራ አንድ ኢንዛይም መረጡ፤ አንዱ ዘር «ቀይ» ቁራጭ፣ ሌላው «ጥቁር» ቁራጭ ይሠራል እንበል። ቀይና ጥቁር የተጣመሩበት ኢንዛይም ሊገኝ የሚችለው የሁለቱ ዘር ኒውክለሶች በአንድ ሴል ውስጥ ሲኖሩ ብቻ ነው። ጉበት ውስጥ ፈለጉ፤ የለም። ልብ ውስጥ ፈለጉ፤ የለም። አጥንት የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ውስጥ ተገኘ። ሽዋን ትክክል ነበር። የጡንቻ ክር የብዙ ሴሎች ውሕደት ናት።

ይህ ደግሞ የልጅቱን ጥያቄ ያከብደዋል። ኒውክለሶቹ ከተለያየ ሴል በተለያየ ጊዜ የገቡ እንግዶች ከሆኑ፣ በኋላ እንዲህ ተራርቀው በሥርዓት መቀመጣቸው ከየት መጣ?

መሐል ላይ የቀሩት

በ1966 አሜሪካ ውስጥ ስፓይሮ፣ ሻይና ጎናታስ የተባሉ ሐኪሞች ጡንቻው የደከመ አንድ ታዳጊ ልጅ መረመሩ። ከጡንቻው ቁራጭ ወስደው ሲያዩት በብዙዎቹ ክሮች ኒውክለሶቹ መሐል ለመሐል ተደርድረዋል። ልክ ተማሪዬ እንደሣለችው! ሐኪሞቹ ይህን ሥዕል ያውቁታል፤ የጽንስ ጡንቻ መልክ ነው። በማሕፀን ውስጥ ገና በመሠራት ላይ ያለች ክር ኒውክለሶቿ መሐል ላይ ናቸው፤ ስትበስል ነው ዳር የሚወጡት። ስለዚህ የልጁ ጡንቻ በጽንስነቱ የቀረ መሰላቸው።

ተማሪዬ የሣለችው እንግዲህ የሕፃን ክር ነበር። መጽሐፉ ደግሞ የአዋቂ ክር ይሥላል። ሁለቱም አሉ። ዳር መቀመጥ የጉዞው መጨረሻ እንጂ መነሻው አይደለም።

አጽሙና ሸክም ተሸካሚዎቹ

አሁን ወደ መልሱ እንሂድ። ሴል የውኃ ከረጢት አይደለም። ውስጡ አጽም አለው፤ ሳይቶስኬለተን ይባላል። እንደ እኛ አጥንት ግን ደርቆ የቀረ አይደለም፤ ሲፈርስና ሲሠራ የሚውል ነው። ለዛሬ ሦስቱን ያዙልኝ። አንደኛ፣ ማይክሮቲዩቡል፤ ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦ፣ ከፀጉር 3,000 ጊዜ ያህል የሚቀጥን። ሁለተኛ፣ አክቲን፤ ቀጭን ክር። ሦስተኛ፣ ጡንቻ ውስጥ ዴስሚን የሚባል ማሰሪያ ገመድ።

ማይክሮቲዩቡል መንገድ ነው። በመንገዱ ላይ የሚሄዱ ሸክም ተሸካሚ ፕሮቲኖች አሉ። ዳይኒን በ1965 ስሙን አገኘ፤ ካይኔሲን ደግሞ በ1985 ከስኩዊድ (የባሕር እንስሳ ናት) ነርቭ ውስጥ ተገኘ። ካይኔሲን በአብዛኛው ወደ አንዱ የቱቦ ጫፍ፣ ዳይኒን ወደ ተቃራኒው ይሄዳሉ። ካይኔሲን በአንድ እርምጃ የሚሄደው 8 ናኖ ሜትር ነው፤ ለእያንዳንዷ እርምጃ አንድ ኤቲፒ ይከፍላል። ኤቲፒ ታስታውሳላችሁ አይደል?

በዚያው በ1985 ፈረንሳይ ውስጥ ታሲን፣ ማሮና ቦርነንስ አንድ ቁልፍ ነገር አዩ። በተራ ሴል ውስጥ ቱቦዎቹ የሚወጡት ሴንትሮሶም ከሚባል አንድ ማእከል ነው። ሴሎች ተዋሕደው የጡንቻ ክር ሲሆኑ ግን የዚያ ማእከል ፕሮቲኖች ከቦታቸው ተነሥተው በየኒውክለሱ ቆዳ ላይ ይሠፍራሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ኒውክለስ የራሱ መንገድ መነሻ ሆነ። መንገዱ ከደጃፉ ይጀምራል ማለት ነው።

በ2003 ደግሞ ኦስሎ ውስጥ እነ ጉንደርሰን በሕይወት ያለ አይጥ ጡንቻ ውስጥ ኒውክለሶችን ቀለም አስገብተው ቆጠሩ፤ ርቀታቸውንም ለኩ። አቀማመጡ በዕጣ የተበተነ አልነበረም። አንዱ ሌላውን «ራቅ በል» የሚለው ይመስል ተራርቀው ነው የተገኙት።

ጉዞው በተራ

ከ2012 ወዲህ ጉዞው ደረጃ በደረጃ ታወቀ። ባጭሩ ልጻፈው፦

አንደኛ፣ መግባት። አዲስ ሴል ከክሯ ጋር ሲዋሃድ ኒውክለሱ ጫፍ ላይ አይቆምም፤ በፍጥነት ወደ መሐል ይገባል። የሚጎትተው ዳይኒን ነው። አስቀድመው ያሉት ኒውክለሶች ቱቦ ይዘረጉለታል፣ እሱም በዚያ ተስቦ ይገባል። ይህ በ2012 የታተመ ግኝት ነው።

ሁለተኛ፣ መራራቅ። በዚያው ዓመት የኒውዮርኳ የሜሪ ቤይሊስና ያኔ ፓሪስ የነበረው የኤድጋር ጎሜዝ ቡድኖች በፍራፍሬ ዝንብና በአይጥ ሴል ላይ የሠሩትን ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡ። ያቀረቡት ማብራሪያ ይህ ነው። ከሁለት ጎረቤታሞች ኒውክለሶች የወጡ ቱቦዎች መሐል ላይ ይገናኛሉ። ማፕ 7 የሚባል ፕሮቲን ቱቦው ላይ ተቀምጦ ካይኔሲንን ያመጣል። ካይኔሲን አንዱን ቱቦ ይዞ በሌላው ላይ ይራመዳል፤ በዚህም ሁለቱ ኒውክለሶች ይገፋፋሉ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በዚያው ዓመት ካይኔሲን ኒውክለሱ ቆዳ ላይ ራሱ ተጣብቆ እንደሚጎትተው አሳዩ። ሁለቱ አይጣሉም። ከሁሉ የገረመኝ ውጤቱ ነው፤ ይህ ሥርዓት የጎደለባቸው የዝንብ እጮች ኒውክለሶቻቸው ተከማችተው ቀሩ፣ እጮቹም ሲሳቡ ቀርፋፋ ሆኑ። ማለትም ኒውክለስ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የተቀመጠበት ቦታ ራሱ ጉልበት ነው።

ሦስተኛ፣ ወደ ዳር መውጣት። የልጅቱ ጥያቄ በቀጥታ የተመለሰው እዚህ ነው፤ በ2017፣ ሊዝበን ከተማ። በክሯ ውስጥ የሚኮማተሩት ማዮፋይብሪሎች መጀመሪያ ልቅ ናቸው፤ ኒውክለሱም በመሐላቸው ይቀመጣል። እየበሰሉ ሲሄዱ አክቲንና ዴስሚን እርስ በርስ ያሥሯቸዋል። ታሥረው ሲኮማተሩ ኒውክለሱን ግራና ቀኝ ይጨምቁታል። እሱም በጣት እንደተጨመቀ የሎሚ ፍሬ ወደ ዳር ሾልኮ ይወጣል። መኮማተሩን ሲያስቆሙት ኒውክለሱ አልወጣም፤ ማሠሪያውን ሲያጠፉትም አልወጣም።

ስለዚህ «ቦታ የለማ» ያልሁት እውነት አጠገብ ደርሶ የቀረ ነው። ቦታ ስለሌለ ብቻ የሄደ የለም፤ የሚገፋ ጉልበት አለ፣ ጉልበቱም የጡንቻው የራሱ ሥራ ነው። መልሱን በአጋጣሚ ብጠጋውም መንገዱን አላሳየኋትም። ሒሳብ ላይ አሠራሩን ያላሳየ ተማሪ ስንት እንደምሰጠው እናንተው ታውቃላችሁ።

አራተኛ፣ መታሠር። ዳር የወጣው ኒውክለስ በየኮማተሩ እንዳይንሸራተት ይታሠራል። ኔስፕሪን የሚባሉ ረጃጅም ፕሮቲኖች ከኒውክለሱ ቆዳ ወጥተው የሴሉን አጽም ይይዛሉ፤ በውስጥ በኩል ሰን የሚባሉት ይቀበሏቸዋል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ላሚን የሚባለው የኒውክለሱ ገበር አለ። ነርቭ ጡንቻን በሚነካበት ቦታ ሥር ደግሞ ጥቂት ኒውክለሶች ሆን ተብሎ ይሰበሰባሉ፤ እዚያ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን እነሱ ይሠራሉ።

ለምን እናንተን ይመለከታል?

በ1966 አለን ኤመሪና ፍሪትዝ ድራይፈስ አንድ በዘር የሚተላለፍ የጡንቻ በሽታ መዝግበው ነበር። መነሻው ምን እንደሆነ የታወቀው ከ28 ዓመት በኋላ ነው፤ በ1994 ኤመሪን የተባለው የኒውክለስ ቆዳ ፕሮቲን ተገኘ። በ1999 ደግሞ የላሚን ጉድለትም ያንኑ በሽታ እንደሚያመጣ ታወቀ። ኒውክለሱን የሚይዘው ነገር ሲላላ ጡንቻ ይደክማል፣ ልብም ይታወካል። የዚያ ኒውክለሶቹ መሐል የቀሩበት ልጅ ዓይነት በሽታም አንደኛው ዘረ መል በ1996 ተገኝቷል። ጠንቀቅ በሉ ግን፤ ኒውክለስ መሐል ላይ መገኘቱ ሁልጊዜ የበሽታው ምክንያት አይደለም። ጡንቻ ተጎድቶ ሲታደስም ኒውክለሱ ለጊዜው መሐል ላይ ይታያል። ለሐኪም ምልክት ነው።

ይህን ለምን አነሣሁ? በዱሸን የሚባል የጡንቻ በሽታ አለ። በአብዛኛው ወንድ ልጆችን ነው የሚይዘው፤ በግምት ከ5,000 ወንድ ልጆች አንዱን። ልጁ ዘግይቶ ይራመዳል፣ ቶሎ ቶሎ ይወድቃል፣ ዳገት ያቅተዋል። ከመሬት ሲነሣ እጁን ጉልበቱና ጭኑ ላይ እየተደገፈ፣ በራሱ ገላ ላይ እንደሚወጣ ሆኖ ነው የሚነሣው። ይህን ምልክት ዊልያም ጎወርስ በ1879 ጽፎታል።

እኛ መምህራን እንዲህ ያለውን ልጅ ምን እንለዋለን? «ሰነፍ!» ሰልፍ ላይ ዘገየህ ብለን እናስቆመዋለን፤ ስፖርት ላይ እንሥቅበታለን። ሰፈር ደግሞ «ቡዳ በላው»፣ «ልክፍት ነው» ይልና ቤት ይደብቀዋል። እኔ ራሴ ሰነፍ ያልኋቸውን ልጆች ዛሬ ሳስብ ስንቱን በትክክል እንዳየሁ እርግጠኛ አይደለሁም። መምህራን ወዳጆቼ፣ ወላጆችም፣ እንዲህ የሚነሣ ልጅ ካያችሁ አትቆጡት፣ አትደብቁት፤ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በሽታውን ከሥሩ ነቅሎ የሚያድን መድኃኒት ባይኖርም፣ መተንፈሻውንና ልቡን መከታተል፣ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ማሠራት፣ አንዳንድ መድኃኒትም ዕድሜውንና ኑሮውን ይለውጣሉ። ደግሞም እናቱ የሠራችው ኃጢአት የለም።

ቁልቁለቱ

አሁን ጤነኛ እግር ይዘን እንጨርስ። ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ በማግሥቱ ጭን የሚሰብረው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ቁልቁል ስንወርድ የጭን ጡንቻ እየተሳበ ነው የሚይዘን፤ መያዝና መለጠጥ አንድ ላይ ሲሆኑ በክሯ ውስጥ ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠራሉ። «ላክቲክ አሲድ ነው» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ላክቲክ አሲድ በማግሥቱ አይኖርም፣ ካረፍን ብዙም ሳይቆይ ይጠረጋል።

በ2021 የባርሴሎናና የሊዝበን ተመራማሪዎች ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት እነዚያ ስንጥቆች እንዴት እንደሚጠገኑ አሳየ። አይጦችን አሮጡ፣ የሮጡ ሰዎችንም ጡንቻ መረመሩ። ክሯ ስትሰነጠቅ በአቅራቢያ ያሉት ኒውክለሶች በሰዓታት ውስጥ ተነሥተው ወደ ቁስሉ ይሄዳሉ! የሚወስዳቸው ማይክሮቲዩቡልና ዳይኒን ነው። ቁስሉ ጋ ሲደርሱ መጠገኛ የሚሆነውን መልእክት እዚያው ያወጣሉ፤ ፕሮቲኑም እዚያው ይሠራል። ለትንሿ ስንጥቅ ሳተላይት ሴል እንኳ መጠራት አያስፈልገውም። አምስት ዓመት ሙሉ ዳር የተቀመጠ የመሰለን ኒውክለስ ጉዳት ሲመጣ ይነሣል። አዋቂ ጡንቻ ውስጥም ቢሆን ጉዞው አላለቀም ማለት ነው።

አበበን አስቡት። በሮም ድንጋይ ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ፣ ያን ሌሊት ሲተኛ እግሩ ውስጥ ስንት ሺህ ኒውክለስ ለጥገና ተነሥቶ ይሆን? ያኔ ይህን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። በ1964 ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ከ40 ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሲያሸንፍም እንዲሁ። ሰዉ ወኔውን አየ፤ ወኔውም እውነት ነው። እሱ ተኝቶ ሳለ ግን ክሮቹ ውስጥ ሥራ ነበር። ልጆቼ፣ ለስፖርት ብላችሁ ራሳችሁን ስታደክሙ ዕረፍትን እንደ ስንፍና አትቁጠሩት። ጥገናው ሰዓት ይፈልጋል።

ዕዳዬ

ከሽዋን እስከ ሊዝበን 178 ዓመት ነው። ያ ሁሉ ሰው ያየውን ነጥብ «ማን ነው እዚህ ያስቀመጠህ?» ብሎ ለመጠየቅ ሕያው ጡንቻን በፊልም ማየት፣ የዝንብ እጭ ሲሳብ ሰዓት ይዞ መለካት፣ የብዙ አገር ሰው ድካም አስፈልጓል። አንዲት የእኛ አገር ልጅ ግን በአንድ የፈተና ወረቀት ምክንያት ጠየቀችው። እኔ በቀልድ ዘጋሁት።

እኔ በዲፕሎማ የማስተምር መምህር ነኝ፤ ሁሉን ማወቅ አይጠበቅብኝም። «አላውቅም፣ አንብቤ እነግርሻለሁ» ማለት ግን ይጠበቅብኝ ነበር። ይህን ከምታነቡ የድሮ ተማሪዎቼ መካከል ብዙዎቻችሁ ያን ቀን ክፍል ውስጥ ነበራችሁ፤ የሣቃችሁም አላችሁ። እሷን የምታውቋት ስሟን እዚህ ሳትጽፉ ይህን ላኩላት። በሉልኝ፦ ሥዕልሽ በሕፃን ጡንቻ ልክ ነበር፤ ጥያቄሽም በሁሉም። የገፋውም ጡንቻው ራሱ ነው፤ ሲታሠርና ሲኮማተር።

ያቺ 2 ማርክ አሁን ሮስተር ላይ አትገባም፤ ጊዜው አልፏል። ዘንድሮ ግን ጡንቻ ሳስተምር ሁለቱንም ሥዕል ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ፤ የሕፃኑንና የአዋቂውን። ከዚያ ዞሬ «ማን ገፋው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱን ሳልናገርም ትንሽ እቆያለሁ።

እናንተስ፣ ክፍል ውስጥ ጠይቃችሁ መልስ ያላገኛችሁበት ጥያቄ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የማውቀውን እመልሳለሁ፣ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። በቸር እንሰንብት።